ቀዳዳ ያለው ድንጋይና የስምጥ ሸለቆ ውሃ

(በእንጦጦ ግርጌ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር)



እንጦጦ ራስ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በስተሰሜን የወደቀው በሙገር በኩል ዞሮ ዓባይ ይገባል። ወደ እኛ፣ ወደ ደቡብ፣ የወደቀው ግን ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ እየተባለ ከተማችንን ያቋርጥና በአቃቂ አድርጎ ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽም ቆቃ ገብቶ ይወጣል፤ በወንጂ የሸንኮራ ማሳ ጎን ያልፋል፤ ስምጥ ሸለቆን ይዞ ሲወርድ ሲወርድ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ ያልቃል። ስለዚህ እዚህ ተራራ ሥር ተሰብስበን ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃ ብንነጋገር ስለ ሩቅ አገር አወራን አይባልም። የምናወራው ስለ ጎረቤቶቻችን ነው።

እዚያ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ሰዎችን ጥርስ አይታችሁ ይሆናል። የበለዘ ነው። ብዙ ሰው ከንጽሕና ጉድለት ያደርገዋል፤ ፈጽሞ አይደለም። ፍሎራይድ የሚባል ነገር ነው ያበለዘው። ጥርስ ላይ ከታየውም ይልቅ የሚያስፈራው አጥንት ላይ የሚሠራው ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ዛሬ የመጣሁበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ያንን ውሃ ያበላሸው ፍሎራይድም፣ ውሃውን ለማጥራት የሚያገለግለው ድንጋይም ከአንድ የእሳተ ገሞራ ታሪክ የተወለዱ ናቸው። ድንጋዩ በተራሮቻችን ውስጥ አለ። ኬሚስትሪውን አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያሉ የራሳችን ሰዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሠርተው አሳይተዋል። የቀረው ከቤተ ሙከራው እስከ ጉድጓዱ ያለው መንገድ ነው፤ እኔን የሚቆረቁረኝም ይኸው መንገድ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማወራችሁ የሙያ ዘርፍ ሁለት ክንፍ አለው፤ አንደኛው ካታሊሲስ፣ ሁለተኛው የናኖ ቀዳዳማ ቁሶች ጥናት። ከካታሊሲስ እንጀምር። እዚህ የተቀመጡ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ሳይማሩት ያውቁታል። የገብስ ፍሬ ውስጥ ያለው ስታርች እርሾ ሊበላው የሚችል ምግብ አይደለም፤ አንድ ሰንሰለት ውስጥ የታሰረ ስኳር ነው። ገብሱ ተነክሮ፣ ጎንቁሎ፣ ብቅል ሲሆን ግን በውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል። ያ ኢንዛይም ሰንሰለቱን እየቆረጠ ስኳሩን ይለቃል፤ ራሱ ግን አያልቅም። አንዱን ቆርጦ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዲት ኢንዛይም እልፍ ጊዜ ትቆርጣለች። ለውጡን እያፋጠነ ራሱ በለውጡ የማያልቅ ነገር ካታሊስት ይባላል። ስሙን ያወጣለት የስዊድኑ ኬሚስት ቤርሴሊየስ ነው፤ ዓመቱም 1835። ብቅሉ ግን ከቤርሴሊየስ በሺህ ዓመታት ይቀድማል።

የዛሬው ዓለም በካታሊስት ላይ ቆሟል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያ ነው፤ አሞንያው የሚገኘው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በብረት ካታሊስት ላይ ከሃይድሮጅን ጋር ሲጣመር ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ ጀርመን ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1913 ነበር። ያ ብረት ባይገኝ ኖሮ ዛሬ በምድር ላይ ያለውን ሕዝብ ምድር አታበላውም ነበር። የካታሊስቶች ሁሉ አለቃ የሚባለው ፕላቲነም ደግሞ በአገራችን አለ፤ ምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሲቆፈር ኖሯል። ከመሬት የወጣው ግን እዚህ ካታሊስት ሆኖ አያውቅም፤ ማዕድን ሆኖ ተሽጦ ይሄዳል። ይህን እግረ መንገዴን ተናግሬ ልለፍ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። በ1756 አክሰል ፍሬድሪክ ክሮንስቴት የሚባል ስዊድናዊ የማዕድን ሊቅ አንድ ድንጋይ በእሳት ነበልባል ሲያሞቅ ድንጋዩ እንደሚፈላ ነገር አረፋ አወጣ። ድንጋይ ይቀልጣል እንጂ ይፈላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ዜኦላይት ብሎ ሰየመው፤ የሚፈላ ድንጋይ ማለት ነው። ያ ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ስቲልባይት የተባለው ዜኦላይት እንደነበረ ሲነገር ኖሯል፤ የቅርብ ጊዜ ምርመራ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ የስቲልባይት የቅርብ ዘመድ የሆነው ስቴለራይት ነው ይላል። ስቲልባይት የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የፈላው ለምን ነበር? ድንጋዩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነው። ዜኦላይት ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተሠራ ክሪስታል ነው። አቶሞቹ ዝም ብለው አልተከመሩም፤ ክፍልና መተላለፊያ ያለው ቤት አድርገው ነው የተገጣጠሙት። መተላለፊያዎቹ በዓይን አይታዩም፤ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታዩም። ስፋታቸው የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የዜኦላይት መተላለፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ ነው። ክሮንስቴት ሲያሞቀው የወጣው እንፋሎት እነዚያ ክፍሎች ውስጥ አድሮ የነበረ ውሃ ነው። ከዚህ ሁሉ ባዶ ቦታ የተነሳ አንድ ግራም ዜኦላይት በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ገጽ ይይዛል።

ባዶ ቦታው ሁለት ጥቅም አለው። የመጀመሪያው መለየት ነው። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን እንደሚያስቀር ዜኦላይትም ትንሹን ሞለኪውል አስገብቶ ትልቁን ውጭ ያስቀራል፤ ልዩነቱ የወንፊቱ ዓይን ሁሉ በአቶም ልክ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሁለተኛው መለዋወጥ ነው። ሲሊከን በነበረበት ቦታ አሉሚኒየም ሲገባ ክሪስታሉ ላይ አንድ ነጌቲቭ ቻርጅ ይተርፋል። ያንን ለማመጣጠን ፖዘቲቭ የሆነ ሶዲየም ወይም ካልሲየም መጥቶ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል። እንግዳው ግን አልታሰረም፤ ሌላ ፖዘቲቭ አዮን ሲመጣ ቦታውን ለቅቆ ይወጣል። ሶዲየሙ ወጥቶ ሃይድሮጅን ከገባበት ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ብርቱ አሲድ ይሆናል፤ ካታሊስት ሆነ ማለት ነው።

በተፈጥሮ የሚገኙት የዜኦላይት ዓይነቶች ከ40 በላይ ናቸው። በሰው እጅ የተሠሩት ተጨምረው በዓለም የታወቁት የአወቃቀር ዓይነቶች ከ250 አልፈዋል። የኒው ዚላንድ ተወላጁ ሪቻርድ ባረር በ1948 በተፈጥሮ የማይገኝ ዜኦላይት በቤተ ሙከራ ሠራ። በዓመቱ፣ በ1949፣ አሜሪካዊው ሮበርት ሚልተን ዜኦላይት ኤ የሚባለውን አገኘ። በ1962 ሞቢል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ያለውን ከባዱን ክፍል ሰባብሮ ቤንዚን ለማድረግ ዜኦላይት መጠቀም ጀመረ፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚነደው ቤንዚን ትልቁ ክፍል በዜኦላይት ቀዳዳ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው። ዜድ ኤስ ኤም 5 የተባለው ሌላው የሞቢል ዜኦላይት ደግሞ የቀዳዳው ስፋት 0.55 ናኖሜትር ገደማ ነው። ውስጡ ከሚፈጠሩት ሦስት መንትያ ውህዶች ቀጥ ያለው ብቻ በቀላሉ ይወጣል፤ ጎንና ጎኑ የሰፋው ቅርጹን እስኪለውጥ ድረስ እዚያው ይመላለሳል። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስና ፖሊስተር ጨርቅ የሚሠራው ከዚያ ቀጥ ካለው ውህድ ነው። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚገረሙበት ነጥብ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ መገረሜን አልተውኩም። የአንድ ቀዳዳ ስፋት የትኛው ነገር እንደሚፈጠር ይወስናል!

ወደ ቤታችን እንምጣ። አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ዳግም ሲያወጡት እንደሚበረታ ያውቃሉ። ግን ሦስተኛም አራተኛም አሥረኛም ቢያወጡት አልኮሉ ከመቶ 95.6 ገደማ ላይ ይቆማል፤ የቀረው ውሃ አብሮት ይተናል እንጂ በማፍላት አይለይም። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል ኢታኖል ግን ውሃ መያዝ የለበትም። የውሃ ሞለኪውል ስፋት 0.28 ናኖሜትር ያህል ነው፤ የኢታኖል ከዚያ ይበልጣል። ቀዳዳው 0.3 የሆነ ዜኦላይት ውሃውን ይውጥና ኢታኖሉን ያሳልፋል። በዓለም ያሉ አብዛኞቹ የነዳጅ ኢታኖል ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አዲስ አበባም ከ2008 ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን በወጣ ኢታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን መኪኖቿን ለዓመታት ነድታለች።

ሌላም ልጨምር፤ ይሄኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅን የሚለው ቃል ምን ያህል እንደከበደ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከአየር ኦክስጅን የሚያወጡት የሐኪም ቤት ማሽኖች ሆዳቸው ውስጥ ያለው ነጭ ቅንጣት ዜኦላይት ነው። አየር ከመቶ 78 እጅ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ኦክስጅን ነው። አየሩ በግፊት ሲገባ ዜኦላይቱ ናይትሮጅኑን አጥብቆ ይይዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። ከመቶ 93 እጅ ያህል የጠራ ኦክስጅን ይገኛል። ግፊቱ ሲቀንስ ናይትሮጅኑ ይለቀቅና ዜኦላይቱ እንደገና ለሥራ ይነሳል። ከ3000 ሜትር በላይ ያለው የእንጦጦ አየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው አየር 70 ከመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ ስታስቡ ደግሞ ይህ ማሽን ለእኛ ለደገኞቹ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

አሁን የስምጥ ሸለቆውን ጉዳይ እንያዝ፤ የንግግሬ እምብርት እርሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው የፍሎራይድ መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እየጠጡት የሚኖሩትም ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ፍሎራይዱ የመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ነው። ውሃው ውስጥ ካልሲየም በርከት ብሎ ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር። የሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ግን ሶዲየሙ የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ በምላስም አይታወቅም። ማፍላት ደግሞ አይጠቅመውም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ይጠነክራል።

ጉዳቱ መጀመሪያ በሰፊው የታየው በወንጂ ነበር። በሆላንዶች የተቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ሲጀምር ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ በካምፖቹ ኖረ። ዓመታት ሲያልፉ ጀርባቸው የማይታጠፍ፣ አንገታቸው የማይዞር፣ እግራቸው የሚሰንፍ ሰዎች በዙ። ፍሎራይዱ አከርካሪያቸው ላይ እየተከማቸ፣ አጥንቱ እየወፈረ፣ ውስጡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጨቁን ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ ባወጡት ጥናት ይህን በሽታ ለሕክምናው ዓለም በሚገባ አስረድተዋል። ሸንኮራ ቆርጦ፣ ስኳር አምርቶ፣ ለአገር ጣፋጭ ሲያቀርብ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቀና ብሎ መሄድ ያቃተው ሰው ታሪክ ነው ይህ። በአገራችን የሥራ ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች የተነገረ ታሪክ ይመስለኛል።

መፍትሔ አልተሞከረም አይባልም። ወንጂ ላይ በ1960ዎቹ አሉሚና የሚባል ማጣሪያ ተተክሏል። በኋላም ከሕንድ የመጣው ናልጎንዳ የተባለው ዘዴ፣ ማለትም አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ውስጥ በጥብጦ ማዝቀጥ፣ በየመንደሩ ተሞክሯል። በየቀኑ መመዘን፣ መበጥበጥ፣ ዝቃጩን መድፋት ይጠይቃል፤ የመንደር ሰው ይሰለቸዋል፤ መሰልቸቱም አይፈረድበትም። ሌላው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በሌለበት ተቃጥሎ ውሃው በላዩ ይተላለፋል። በሚገባ ይሠራል።

የአጥንት ከሰል ለምን እንደሚሠራ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ይገባችኋል። ፍሎራይድ ከሰውነታችን ሁሉ ጥርስና አጥንት የሚመርጠው ሁለቱም ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ስለተሠሩ ነው። ውህዱ ውስጥ ገብቶ ሃይድሮክሲዱን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል። እንግዲህ መላው ቀላል ነው፤ ውሃው የልጁ ጥርስ ዘንድ ከመድረሱ በፊት መንገድ ላይ ያንኑ አፓታይት ማቅረብ። የአጥንት ከሰሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። ችግሩ አጥንት መሰብሰቡ፣ ማቃጠሉና የእንስሳ አጥንት የነካውን ውሃ ለመጠጣት ልቡ እሺ የማይለው ሰው መኖሩ ነው። አፓታይቱን ብቻ በቤተ ሙከራ ሠርቶ ማቅረብም ይቻላል፤ ብናኙ ግን በጣም ስለሚደቅ ወይ ውሃው ይዞት ይሄዳል፣ ወይ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። የሚሸከመው ነገር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ነው አራት ኪሎ የሚመጣው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑት ዮናስ ጨቡዴ ማድሪድ ከሚገኘው የስፔን የካታሊሲስና የፔትሮኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ጋር አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ከነርሱም መካከል ኢሳቤል ዲያዝ እና ሆአኪን ፔሬዝ ፓሪዬንቴ ይገኛሉ። የማድሪዶቹ ዕድሜያቸውን ለዜኦላይትና ለናኖ ቀዳዳማ ቁሶች የሰጡ፣ ሙያቸው በአመዛኙ ካታሊስት መሥራት የሆነ ሰዎች ናቸው። ኢሳቤል ዲያዝ የዜኦላይት እውቀታቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ለነዳጅ ኩባንያ የሚሆን ካታሊስት ፍለጋ አልነበረም የመጡት። የኢትዮጵያን ድንጋይ ለኢትዮጵያ ውሃ ነበር ያዋሉት። የምርምር ሕይወት እንዲህ ሲዞር ማየት ደስ ያሰኛል።

ድንጋዩ ያው ስቲልባይት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ የገነባው ላቫ እየተደራረበ ሲፈስ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ወፍሯል። ሲቀዘቅዝም በውስጡ የጋዝ አረፋዎች ባዶ ጉድጓድ ጥለው ቀሩ። በእነዚያ ጉድጓዶች የሞቀ ውሃ ለዘመናት ሲያልፍ የሟሟውን ሲሊካና አሉሚኒየም እያስቀመጠ ዜኦላይት አበቀለ። በጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነጭ የሚያብረቀርቅ ፍሬ አይታችሁ ከሆነ ዜኦላይት አይታችሁ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ስታገኙ ለመምህራችሁ አሳዩ።

የመጀመሪያው ውጤታቸው በ2013 ታተመ። ግን ከባድ እንቅፋት ነበረበት። ቅድም እንዳልኳችሁ የዜኦላይት አካል ነጌቲቭ ነው፤ ፍሎራይድም ነጌቲቭ ነው፤ ሁለት ነጌቲቮች ይገፋፋሉ። ዜኦላይት እንዲሁ ውሃ ውስጥ ቢጣል ፍሎራይድ አይዝም ማለት ይቻላል። መላው እንዲህ ነው፤ ስቲልባይቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ካልሲየም ይይዛል። በላዩ የፎስፌት ውሃ ይፈስበታል። ካልሲየሙ ከቀዳዳው እየወጣ ገጹ ላይ ከፎስፌቱ ጋር ይገናኛል፤ እዚያው ላይ ጥቃቅን የሃይድሮክሲአፓታይት ክሪስታል ይበቅላል። አሁን ፍሎራይዱ የሚገናኘው ከአፓታይቱ ጋር ነው፤ ዜኦላይቱ ደግሞ ይሸከመዋል። ብናኙ አይበተንም፤ ማጣሪያው አይደፈንም፤ አጥንትም አላስፈለገም። በ2016 ያወጡት ጥናት ይህን ቁስ ከአጥንት ከሰል ጎን ለጎን አቁሞ መዘነው፤ በውስጡ ካለው አፓታይት አንጻር ሲታይ ከአጥንት ከሰሉ የበለጠ ፍሎራይድ ይይዛል።

በ2015 ደግሞ ከዚሁ የምርምር ወገን ከኢትዮጵያ ካኦሊን፣ ሴራሚክ ከሚሠራበት ነጭ አፈር፣ ዜኦላይት ኤ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። ካኦሊኑ በ600 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ ከዚያ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ሆኖ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ለሰዓታት ሲቆይ ክሪስታል ይሆናል። በካኦሊን ውስጥ ያለው የሲሊከንና የአሉሚኒየም መጠን እኩል ለእኩል ነው፤ ዜኦላይት ኤም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ በዱቄት ሳሙና ውስጥ ይገባል። ውሃውን የሚያከብደውን ካልሲየም ይይዝና ሳሙናው አረፋ እንዲያወጣ ያደርጋል። ቀድሞ ለዚህ የሚገባው ፎስፌት ነበር፤ ፎስፌት ወንዝና ሐይቅ ሲገባ አልጌ ያበዛል። እዚህ ሰፈር ወንዝ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ምርምር የሀብታም አገር ሥራ ነው ይላል። እኔ ግን አልስማማም። በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ሦስት ሰዎች፣ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ዑመር ያጊ፣ የተሸለሙት ከብረታ ብረት አቶሞችና ከካርቦን ውህዶች አዲስ ዓይነት ቀዳዳማ ቁስ በመሥራታቸው ነው። ዑመር ያጊ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ ከፍልስጤም በተሰደደ ቤተሰብ ውስጥ የተወለዱ ናቸው። ያደጉበት ቤት የቧንቧ ውሃ አልነበረውም፤ ውሃ ሲለቀቅ ተሽቀዳድሞ መቅዳት የእርሳቸው ሥራ ነበር። በኋላ በሠሩት ቁስ ከበረሃ አየር ላይ ውሃ አወጡ። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች፣ ጀሪካን ይዘን ለምናውቀው፣ ይህ ታሪክ ትርጉም አያስፈልገውም።

የእኛም ልጅ አለችን። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በ1966 እዚሁ አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ታላቁ የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ቆስለው ቤተሰቡ ከአገር ወጣ። ሶስና ኤም አይ ቲ ተምረው፣ ካልቴክ ለብዙ ዓመታት አስተምረው፣ ከ2015 ጀምሮ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በ2001 ደረቅ አሲድ ጨው በነዳጅ ሴል ውስጥ ውሃ ሳያስፈልገው ኤሌክትሪክ ሊያስገኝ እንደሚችል አሳዩ። በ2010 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀዳዳማ በሆነ ሴሪየም ኦክሳይድ ላይ የፀሐይ ሙቀት ሰብስበው ውሃን ወደ ሃይድሮጅን ለወጡ። ሴሪየሙ ኦክስጅኑን እየወሰደ፣ እየመለሰ፣ ራሱ ሳያልቅ ይሠራል። እዚህ የተቀመጣችሁ ልጃገረዶች ስማቸውን ጻፉት።

እንግዲህ ወደ ጭንቀቴ ልመለስ። ጥሩ ሥራ ታተመ ማለት ውሃ ጠራ ማለት አይደለም። በቤተ ሙከራ ጥቂት ግራም የሚሠራን ቁስ በቶን መሥራት ሌላ ሙያ ነው። ድንጋዩን ማን ይቆፍራል? ማን ይፈጨዋል፣ በልኩ ማን ይለየዋል? በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የተተከለ ማጣሪያ ለወራት ይሠራል፤ ከዚያ አፓታይቱ ይጠግባል። ሲጠግብ ፍሎራይዱ እንደ ቀድሞው ያልፋል፤ ቀለምም ጣዕምም ስለሌለው ደግሞ ማንም አያውቅም። ማጣሪያ አለን ብለው ተማምነው የሚጠጡ ልጆች ማጣሪያ ከሌላቸው ልጆች አይሻሉም። ስለዚህ ከድንጋዩ እኩል የሚያስፈልገው በየወሩ ውሃውን የሚለካ፣ ሲጠግብ የሚቀይር፣ ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ይህን ኬሚስትሪ አይሠራልንም።

ሌላው የሚቆረቁረኝ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ዜኦላይት መሥራት አለመሥራትህን የምታውቀው በኤክስሬይ ነው፤ ክሪስታሉን የምታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእርዳታ ይመጣል፤ አንድ መብራቱ ወይም አንድ ፓምፑ ሲበላሽ ግን መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ አይገኝም፤ የሚጠግነው ባለሙያም አልሠለጠነም። ጎበዝ ተማሪ ናሙናውን በፖስታ ወደ ውጭ ልኮ ወራት ይጠብቃል። በመጨረሻ ናሙናውን ተከትሎ ራሱም ይሄዳል። አልወቅሰውም። ለመሣሪያ ግዢ ከምናወጣው ጎን ለጥገናውና ለጠጋኙ ሰው የሚሆን በጀት አብሮ ካልተያዘ ግን ባንገዛው ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ወጣቶች፣ ይህ ሙያ ዕድሜ ይጠይቃል። አንድ ቁስ ከሐሳብ ተነስቶ ሰው ቤት እስኪገባ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ግን የሚሠራ አልጠፋም። እዚህ በላያችን ያለው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት አብዛኛው ሲኒዮል የሚባል ውህድ ነው፤ ተስማሚ ካታሊስት ካገኘ ለኢንዱስትሪ ወደሚሆን ሌላ ውህድ ይለወጣል። እናቶቻችን ያንን ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው የሚያወርዱት ምጣድ ሥር ሊማገድ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ይህን ውሰዱ።

በዚህ አዳራሽ ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጣችሁ፣ ከማዕድን ዘርፍ የመጣችሁ፣ ፋብሪካ ያላችሁ ባለሀብቶችም አላችሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ጥቂት ትምህርት ቤቶችን ምረጡ፤ ከአገራችን ስቲልባይት የተሠራውን ማጣሪያ ትከሉባቸው፤ ከጎኑ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ይቁም፤ ለሦስት ዓመት በየወሩ ይለካ፤ የቀናውም ያልቀናውም ውጤት ለሕዝብ ይነገር። የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ አጭር መንገድ ከምናወጣው ያነሰ ነው። የልጅ ቋሚ ጥርስ ሽፋን የሚሠራውና ፍሎራይድ የሚያበልዘው እስከ ስምንት ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው፤ ዘንድሮ የተወለደው ልጅ ያለው ጊዜ ያን ያህል ብቻ ነው።